ትንሿን መኪና አታግዝፏት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ገጻችሁን ከሚከታተሉት አንዱ ነኝ። ሌላውን ገጽ ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ እዚያ ነው የምቆመው። ሰሞኑን ትንንሽ ፎር ዊል መኪኖችን ለአስቸጋሪ መንገድ ስለማዘጋጀት ያወጣችሁትን ጽሑፍም ከነፎቶው አየሁት። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ የተደረገች ሱዙኪ ጂምኒ፣ የታላቅ ወንድሟን ጫማ ያጠለቀች የሚያስመስላት ጎማ፣ ከፊት የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚስበው ማሽን)፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ፣ ድንኳን፣ የመብራት መዓት። ችግሬ ከፎቶው ሥር ካለው ምክር ጋር ነው። መጀመሪያ መኪናዋን ከፍ አድርጓት ይላል። ቀጥሎ ትልቅ ጎማ፣ ቀጥሎ ብረት። መጨረሻ ላይ፣ ገንዘብ ከተረፈ፣ መጎተቻ ዕቃም ማሰብ ጥሩ ነው ይላል።

ተገልብጧል። እኔ ብሆን ያንን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ትንሽ ፎር ዊል መኪና ትልልቆቹ ተሰልፈው የቆሙበት ቦታ ላይ ሾልካ የምታልፈው በጉልበቷ አይደለም። ባለ 1.5 ሊትሯ ጂምኒ ያላት 102 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ይኼን ያህል ተራ የቤት መኪናም አለው። የምታልፈው ቀላል ስለሆነች ነው። ባዶዋን 1,100 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝነው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ እሷ ላይ ላዩን ትሄዳለች። አጭርም ናት፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ መሃሉ 2.25 ሜትር ነው። ጠባብ ናት፣ ዛፍና ድንጋይ መሃል ትገባለች። ከሥር ጠንካራ ሻንሲ አላት፣ ከፊትም ከኋላም ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዝ ድፍን አክስል አላት፣ ፎር ሎው (ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛው ማርሽ) አላት። ይኼ ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ ነው፣ ማንም ሳይነካት።

ይኼ ባሕርይዋ ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣችው የመጀመሪያዋ ጂምኒ ሞተሯ 359 ሲሲ ነበር፤ የሞተር ሳይክል ሞተር በሉት። ግን መኪናዋ ራሷ 600 ኪሎ ገደማ ስለነበረች በቃት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሁለት ቺሊያውያን አንዲት ትንሽ ሱዙኪ ይዘው በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር ላይ ያለውን ኦሆስ ዴል ሳላዶ የሚባል እሳተ ገሞራ እስከ 6,688 ሜትር ድረስ ነዱባት። በጊዜው መኪና የደረሰበት ከፍተኛው ቦታ ሆኖ ተመዘገበ። በእርግጥ ተነካክታለች፣ እንዳለች አልወጣችም። ግን ለዚያ ዳገት መርጠው የያዙት ትንሿን ነው።

እንግዲህ ማሻሻል ሲባል መጀመሪያ ይቺን ቅለቷን አለማጥፋት ነው። የምንጭንባት ብረት ሁሉ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

አሁን ከፍ ወደ ማድረጉ ልምጣ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚያ ስለሆነ። ሞላዋን በረዥም ሞላ ለውጣችሁ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረጋችኋት እንበል። ምን ከፍ አለ? አካሏ ከፍ አለ፣ ሻንሲው ከፍ አለ፣ ፓራውልቱ ከፍ አለ። ዲፈረንሻሉ፣ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው፣ ግን ንቅንቅ አላለም። ድፍን አክስል ላይ ዲፈረንሻሉ የሚቀመጠው ከጎማዎቹ ጋር ነው፤ ሞላው ከእሱ በላይ ነው ያለው። ካላመናችሁኝ መሬት ላይ ተኙና ከሥር እዩት። ያ መሃል ላይ ያበጠው ብረት ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት የነበረበት ቦታ ላይ ነው፣ ድንጋይ የሚመታው ደግሞ እሱን ነው። ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው።

ጎማውም ቢሆን የሚሰጣችሁ ግማሹን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የፋብሪካው ጎማ 195/80 በ15 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች) ነው፣ ከአናት እስከ መሬት 693 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያስገባው 235/75 በ15 ደግሞ 733 ገደማ። ልዩነቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዲፈረንሻሉ ሥር የሚገኘው ግን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ምክንያቱም የተቀረው 2 ከአክስሉ በላይ ነው የሚሄደው። ሁለት ሴንቲ ሜትርን አልንቅም። ሆዷ ድንጋይ ላይ ለተቀመጠ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ዋጋ አለው። ጎማው ሲያድግ የማርሹ ሁሉ ጉልበት 6 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲላችሁ ከበፊቱ 100 በ6 ኪሎ ሜትር ፈጥናችሁ ነው የምትሄዱት። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናዋን ይዞ የማውረድ አቅሙ ይቀንስና ሥራው ወደ ፍሬን ይዞራል። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ይሸታል። የጂምኒ ፎር ሎው ደግሞ 2 ለ 1 ነው፤ ከመነሻውም ብዙ የሚተርፈው ነገር የለም። ትልቅ ጎማ አስገብቶ ድንጋይ ላይ መንዳት የፈለገ ሰው ውሎ አድሮ የትራንስፈር ኬዙን፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያደርሰውን ሳጥን፣ ማርሽ ማስለወጡ አይቀርለትም። ይኼ ወጪ በጽሑፋችሁ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ጎማ ሻጮች አይነግሯችሁም። ለከባድ ፒክአፕ የተሠራ፣ ጎኑ ድርቅ ያለ ጎማ ቀላል መኪና ላይ ሲገባ አይታዘዝም። ሦስት ቶን እንዲሸከም ነዋ የተሠራው። አንድ ቶን ሲጭኑበት ግትር ብሎ ይቀራል፣ መንገዱ ላይ ያንጥራችኋል፣ ንፋስ ቀንሳችሁለት እንኳን በቀላሉ አይተኛም። ለትንሽ መኪና ለስለስ ያለ ጎን ያለው፣ ጥርሱ ለአፈርም ለአስፋልትም የሚሆን መካከለኛ ጎማ ይሻላል። 215/75 በ15 ለብዙ ሰው በቂ ነው እላለሁ። ከፋብሪካው ጎማ ከፍታው ብዙም አይለይም፤ ፓራፋንጎ አይቆረጥም፣ ማርሽም አይነካም። የምትገዙት ጥርሱን ነው።

ከጎማው በላይ ግን ተአምር የሚሠራው ንፋሱ ነው። ጽሑፋችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ጎማ ንፋስ አንድ ቃል አልተነፈሰም! የጂምኒ የፋብሪካ ልክ 26 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። አሸዋ ላይ ስትገቡ ወደ 15 አውርዱት። ጎማው ሆዱ ይተኛል፣ መሬት የሚነካው ክፍል በተለይ ወደ ርዝመት ይጨምራል፣ መኪናዋም አሸዋውን መቆፈሯን ትታ ትንሳፈፋለች። ድንጋይ ላይም ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል እንጂ ከላዩ አይዘልም፤ ወገባችሁም ያመሰግናችኋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የንፋስ መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ከአንድ የፊት መብራት ያነሰ ቦታ ይይዛል። ጥንቃቄው ሁለት ነው። ንፋስ በቀነሰ ጎማ አትፍጠኑ፣ መሪም በድንገት አትጠምዝዙ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ መልሳችሁ ሙሉት፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፣ የጋለ ጎማ ይፈነዳል።

ከፍ አታድርጉ እያልኩ አይደለም። ልክ ያለው ከፍታ ጥቅም አለው። ለጎማው ቦታ ይሰጣል፣ ረዥም ሞላና ሾክ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መሬት እንዲነካ ያደርጋል፣ ጉብታ ላይም ሆዷ አይቀመጥም። ግን ትንሿ መኪና ለጉብታው ከፋብሪካ መልስ ይዛ ነው የመጣችው፤ አጭር መሆኗ ራሱ ከፍታ ነው። ማስረጃው ይኸውላችሁ። ሦስት በሯ ጂምኒ ሆዷ ሳይነካ የምታልፈው ጉብታ 28 ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕንድ ውስጥ የቀረበችው አምስት በር ከመሬት ያላት ርቀት ያው 210 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግን በጎማዎቿ መሃል 34 ሴንቲ ሜትር ስለረዘመች ወደ 24 ዲግሪ ወረደች። የተቀየረው ርዝመቷ ብቻ ነው።

ከፍ ካደረጋችሁ አራት፣ ቢበዛ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ቁሙ። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ከሞላው ጋር ሌላው ነገር ሁሉ አብሮ ይጎተታል። የፊት አክስሉ ወደኋላ በሚሄዱ ክንዶች ነው የተያዘው፤ አካሉ ከፍ ሲል አክስሉ ይሽከረከርና መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዘንበል ማለት፣ ካስተር የሚባለው፣ ይቀንሳል። መሪው ይቀልላል፣ ከታጠፈ በኋላ በራሱ መመለሱን ይተዋል። አክስሉን በጎን የሚይዘው ፓናርድ ባርም አንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ፣ ሌላው አክስሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፍ ስትሉ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። የፍሬን ቱቦ ያጥራል። ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ትራስሚሲዮኑ፣ የሚሠራበት ማዕዘን ይሰበርና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ሾኩ አጭር ከሆነ ጎማው ሲወርድ የሚያንጠለጥለው እሱ ይሆናል። ሻጩ ግን ሞላውን ብቻ በካርቶን አድርጎ ይሰጣችኋል።

የማውቀው አንድ ወጣት ላይ የደረሰው ይኼው ነው። ጋራዡን አልጠራም። የድሮዋን ጂምኒ አሥር ሴንቲ ሜትር አስነሥቶ መጣ፣ ደስ ብሎታል። ትንሽ ቆይቶ፣ "ጋሼ፣ ሰባ ላይ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይዘላል" አለኝ። ጋራዡ የመሪውን ሾክ ቀየረለት፣ ለጊዜው ጠፋ፣ ተመለሰ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመን በሜትር ለካናት፤ ከሻንሲው እስከ ጎማው ግራውና ቀኙ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይለያያል። ከኋላ ቁጭ ብሎ ላየው ሰው ሜትርም አያስፈልገውም፣ አንዱ ጎማ ከፓራፋንጎው ወጥቷል፣ ሌላው ገብቷል። ከዚያ ፊቷን በክሪክ አነሣንና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ነቀነቅነው። ቋ፣ ቋ ይላል። መሪው የሚዞርበት የአክስሉ ጫፍ ላይ ያለው ኩሽኔት ላልቷል። ይኼ ኩሽኔት ከድሮም ደካማ ነበር፤ ትልቁ ጎማና የጠፋው ካስተር አደባባይ አወጡት። ሾክ መቀየር መንቀጥቀጡን ያፍነዋል እንጂ አያድነውም። ኩሽኔቱ ተለወጠ፣ የሚስተካከል ፓናርድ ባር ገባ፣ ካስተሩን የሚመልስ ጎሚኒ ገባ፣ ከፍታው ወደ ግማሽ ወረደ። አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ገንዘብ ግን ቀለጠ።

ወደ ክብደቱ እንመለስ፣ በፎቶው ላይ ያለችው መኪና እዚህ ጋ ነው የምታሳዝነኝ። ፋብሪካው ለጂምኒ የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 1,435 ኪሎ ነው፣ ሰውም ዕቃም ተጭኖ። የራሷን ስትቀንሱ የሚተርፈው ከ300 እስከ 345 ኪሎ ነው፣ እንደ ሥሪቷ። ሁለት ጎልማሳ ሰው 150 በሉ። የብረት ፓራውልትና ዊንች አንድ ላይ ከ60 ኪሎ አያንስም። ፖርቶ መጋላ 25፣ ድንኳኑ 50። ደመራችሁ? 285 ሆነ። ገና ውኃ አልተጫነም፣ የመለዋወጫ ሣጥን አልገባም፣ ምግብ የለም፣ ክሪክ የለም። ሃያ ሊትር ውኃ ብቻውን ሃያ ኪሎ ነው። ያቺ ፎቶ ላይ የቆመችው መኪና ገና ከግቢ ሳትወጣ ልኳን ልትጨርስ ምንም አልቀራትም፤ ፍሬኗ ደግሞ ያው የፋብሪካው ነው፣ ከኋላ ከበሮ።

የቦታው ነገርም አለ። መኪናዋ ስፋቷ 1.65 ሜትር አይሞላም፣ ቁመቷ 1.72 ነው። ቁመቷ ከስፋቷ ይበልጣል ማለት ነው። እሷን አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ አናቷ ላይ 75 ኪሎ መስቀል፣ ከዚያ ጎኑ ያዘነበለ መንገድ ላይ ማስገባት፣ እንደው ምን ይባላል? ከባዱን ዕቃ ወደ ታች፣ ከወንበሩ ጀርባ አስጠግታችሁ እሰሩት። ድንኳኑም መሬት ላይ ይተከል፣ መሬት የሰው ልጅ መኝታ ሆኖ ኖሯል።

ዊንችን በተመለከተ፣ ብቻችሁን ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ይጠቅማል። ሁሌም ከሌላ መኪና ጋር ለሚሄድ ሰው ግን ጌጥ ነው። ከገዛችሁም የመኪናዋን ሙሉ ክብደት አንድ ተኩል ጊዜ የሚስብ ነው የሚፈለገው፤ ለጂምኒ 2,150 ኪሎ አካባቢ። ባለ አራት ቶኑ ለእሷ አይደለም። ገመዱም የብረት ካቦ ከሚሆን ሰው ሠራሽ ይሁን፣ ይቀላል፣ ሲበጠስም እንደ ካቦው አይጋረፍም። ዊንቹ ላይ የተጻፈው የመሳብ አቅም ደግሞ ገመዱ ከበሮው ላይ የመጀመሪያው ንብርብር ብቻ ሲቀር ነው፤ ንብርብሩ በጨመረ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። በሙሉ ኃይሉ ሲስብ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። ትንሿ ባትሪ ይኼን ብዙ አትችልም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ እያሳረፋችሁ ሳቡ።

አሁን "ገንዘብ ከተረፈ" ወዳላችሁት ልምጣ። የመጎተቻ ነጥብ። ይኼን በመጨረሻ መጻፋችሁ ነው ብዕር ያስነሣኝ። ጎማ ቢሳሳት ትቆማላችሁ፣ ከፍታ ቢሳሳት መሪው ይንቀጠቀጣል፣ መጎተቻ ቢሳሳት ሰው ይሞታል። የተቀረቀረ መኪና በገመድ ሲሳብ ገመዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል ብዙ ነው። የሆነ ነገር ከተበጠሰ ያ ኃይል የተበጠሰውን ብረት ይዞ ይወረወራል። ተጎታች የሚያያዝበት ክብ ኳስ ላይ ገመድ ጠምጥሞ መሳብ የተለመደ ነው፤ ኳሱ ግን ተጎታችን ቀስ ብሎ እንዲጎትት እንጂ በድንገት እንዲነጠቅ አልተሠራም። ተሰብሮ፣ በመስታወት ገብቶ፣ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። በብዙ መኪኖች ላይ ከፊትና ከኋላ የምታዩዋቸው ቀጫጭን ቀለበቶችም መኪናው በመርከብ ሲጫን የሚታሰርባቸው እንጂ መጎተቻ አይደሉም። ፓራውልት ላይ፣ የመሪ ዘንግ ላይ፣ አክስል ላይ ያገኘውን የሚያስር ሰውም አይቻለሁ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ በቀጥታ ሻንሲው ላይ በትክክለኛ ብሎን የታሠረ፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ጋንቾ። ከሞላም፣ ከጎማም፣ ከመብራትም በፊት። ገመዱ የሚለጠጠው ዓይነት ይሁንና ለመኪናዋ ክብደት የሚመጥን ይሁን፤ ለሦስት ቶን መኪና የተሠራ ወፍራም ገመድ ቀላል መኪና ላይ አይለጠጥም፣ ንጥቂያውን እንዳለ ያስተላልፈዋል። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስም ሆነ ከባድ ጃኬት ጣሉበት። ቆሞ የሚያይ ሰው ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ፣ በገመዱ መስመር ላይ ደግሞ ማንም አይቁም። ስልኩን አውጥቶ ገመዱ አጠገብ የሚቀርፀውን ልጅ መጀመሪያ አባርሩት። ከሁሉም በፊት ግን አካፋ ያዙ። ትንሽ መኪና ስለሆነች ከጎማው ፊት ያለውን አፈር ጠርጋችሁ ንፋስ ስትቀንሱላት ብዙ ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ትወጣለች።

ከሥር መከላከያ ላሜራ ጥሩ ነው፣ ግን በሙሉ ሆዷን ብረት አታልብሷት። የሚመታው ቦታ የታወቀ ነው፦ የመሪው ዘንግ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ትራንስፈር ኬዙ፣ የሾኮቹ የታች ማሰሪያ። እነሱን ሸፍኑ፣ ይበቃል። ከበሩ ሥር የሚገባው የጎን ብረት ሻንሲው ላይ እንጂ አካሉ ላይ እንዳይበየድ፤ አካሉ ላይ ከሆነ ድንጋይ ሲነካው በሩ አልዘጋ ይላል።

የዲፈረንሻል መቆለፊያም አንሥታችኋል፣ ጥሩ አድርጋችኋል። ክፍት ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማ እኩል ኃይል ነው የሚያካፍለው፤ አንዱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ኃይል ስለማይፈልግ ሌላውም ምንም አያገኝም። ለዚህ ነው አራት ጎማዋ የሚዞር የምትባለው መኪና ሁለት ጎማ ብቻ እያሽከረከረች ቆማ የምትቀረው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያለችው ጂምኒ የሚፈተለከውን ጎማ በፍሬን እየያዘች ኃይሉን ወደ ሌላው ትልካለች፣ ፎር ሎው ላይ በደንብ ይሠራል። ለብዙ መንገድ እሱ ይበቃል። የድሮዎቹ ይኼ የላቸውም፣ መቆለፊያ ከገባ ለእነሱ ነው የሚገባው፣ መጀመሪያ የኋላው። የፊቱን መቆለፍ መሪውን ያከብደዋል፣ ከትልቅ ጎማ ጋር ሲሆን ደግሞ የፊት አክስሉን መገጣጠሚያ ይሰብረዋል፤ ሳሙራይን፣ የድሮዋን ሱዙኪ፣ የነዳ ያውቀዋል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የምትሠራው ላዳ ኒቫ መቆለፊያ አላት ሲባል ሰው ነገሩን ያደበላልቃል። የእሷ መቆለፊያ ፊትና ኋላውን የሚያያይዘው የመሃሉ ነው። ግራና ቀኙ ክፍት ነው።

ውኃ ለሚሻገር ሰው ሁሉም የሚያወራው ስለ አየር መሳቢያው ረዥም ቧንቧ ነው። ልክ ነው፣ ሞተሩ ውኃ ከሳበ ውኃ አይጨመቅምና ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይጣመማል፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ግን ከዚያ በፊት አክስሉ ነው የሚጠጣው። ሲነዳ የዋለ አክስል ግሏል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በዘይት መከላከያው በኩል ውኃ ይስባል። ከዚያ ዘይቱ ወተት ይመስላል። የአክስሉን መተንፈሻ በቀጭን ቱቦ አስረዝማችሁ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ቱቦው ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም። ፎቶ ላይ ስለማይታይ ነው መሰለኝ የማይጻፍለት።

ፎር ዊሉን ደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ ብሎ መጻፍም አይከፋም ነበር። ጂምኒ መሃል ላይ ዲፈረንሻል የላትም፤ ስትታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ይለያያል፣ አፈር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ይለቀዋል፣ አስፋልት ላይ ግን ውጥረቱ ካምቢዮው ውስጥ ይጠራቀማል። ይሰብራል።

መንገዱም ይነገርለት። ጎማ እያሽከረከረ በጉልበት የሚወጣ መኪና ዳገቱን ቆፍሮ ነው የሚሄደው፤ ቀጥሎ ዝናብ ይመጣና ቁፋሮውን ቦይ ያደርገዋል። ንፋስ ቀንሶ፣ በፎር ሎው፣ ቀስ ብሎ የወጣ መኪና ዱካው እንኳን ብዙ አይታይም። ጭቃውን ፈርቶ በጎን በሣሩ ላይ የሚዞረው ደግሞ መንገዱን በየጊዜው ያሰፋዋል። ትንሿ መኪና ጠባብ መንገድ ስለሚበቃት ነው የተወደደችው፣ ሰፊ ጎማና ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሰፊ ስፔሰር ገጥመን እሷንም አናስፋት። ስፔሰሩ የጎማውን ኩሽኔት ከመብላቱ ሌላ ጥቅሙ አልታየኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ የተሻሻለች መኪና ፎቶ ስታወጡ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፎቶ አንሺያችሁ ፊቷን ብቻ አያንሣ፣ ከሥሯ ይግባ። መጎተቻ ጋንቾዎቿ በምን ብሎን ሻንሲው ላይ እንደታሠሩ ያሳየን። ባለቤቷንም ጠይቁልን፣ ነዳጅ ሞልታ፣ ዕቃዋ ተጭኖ፣ ሰው ተቀምጦባት ሚዛን ላይ ወጥታ ታውቃለች ወይ? ካልወጣች አብራችሁት ሂዱና ቁጥሩን ከፎቶው ሥር ጻፉት።

አክባሪያችሁ፣
የመኪና ገጹ አንባቢ